በምን አወቅሽ? ፎረንሲክ ሳይኮሎጂን ከሥራ ጎን መማር

[የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል]

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ፎረንሲክ ሳይኮሎጂ ነው። በተለይም ሥራንና ቤተሰብን ሳይለቁ ይህን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ስለ መከታተል እንነጋገራለን።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት አንድ አጭር ታሪክ ልንገራችሁ። ለዛሬው ትምህርት ብዬ ራሴ ያዘጋጀሁት ነው። ምንም መጻፍ አያስፈልግም፤ ማዳመጥ ብቻ።

ቦታው አዲስ አበባ፣ መገናኛ ነው። ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት። የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነው። ነጠላ የለበሰች አንዲት ሴት ሰልፉ መሐል ቆማ በስልክ ታወራለች። አጥሩ ሥር ሁለት ወጣቶች ቆመዋል። አንደኛው ዳቦ በፌስታል ይዟል። ድንገት ሰልፉ ተተራመሰ። ሴትዮዋ «ስልኬን!» ብላ ጮኸች። ከወጣቶቹ አንዱ መንገዱን አቋርጦ ሮጠ። «ያዘው! ያዘው!» የሚል ድምፅ በዛ። የሮጠው ከዓይን ተሰወረ፤ ዳቦ የያዘውን ግን ሰዎች ክንዱን ጨብጠው አቆሙት።

ታሪኩ ይኸው ነው። በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

[አጭር ሙዚቃ]

አድማጮቻችን፣ «ፎረንሲክ» የሚለው ቃል መነሻው ላቲን ነው። በጥንቷ ሮም ገበያ የሚቆምበት፣ ሸንጎ የሚቀመጥበትና ሙግት የሚሰማበት አደባባይ «ፎረም» ይባል ነበር። ፎረንሲክ ማለት እንግዲህ የአደባባይ፣ የችሎት ማለት ነው። ፎረንሲክ ሳይኮሎጂም ስለ ሰው አእምሮና ጠባይ ያለንን ዕውቀት ለፍትሕ ሥራ የሚያውል የትምህርት ዘርፍ ነው። ምስክር ያየውን እንዴት ያስታውሳል? ተጠርጣሪ ያልሠራውን ወንጀል ለምን ያምናል? ሕፃን ልጅ ሳይፈራ ቃሉን የሚሰጠው እንዴት ነው? ከማረሚያ ቤት የሚወጣ ሰው ወደ ጥፋት እንዳይመለስ ምን ይረዳዋል? የዘርፉ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ብዙዎቻችን ይህን ሙያ የምናውቀው በፊልም ነው። አንድ ባለሙያ ሬሳ የወደቀበትን ቦታ ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ገዳዩ ግራኝ ነው፤ እናቱን ይጠላል» ሲል እናያለን። የእውነተኛው ባለሙያ ቀን እንደዚያ አይደለም። በእንግሊዝ ለምሳሌ የሙያው ትልቁ ቀጣሪ የማረሚያ ቤቶችና የአመክሮ አገልግሎት ነው። ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ከታራሚ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ በመነጋገር፣ መዝገብ በማገላበጥ፣ የአደጋ ሥጋት ግምገማ በመጻፍና የቡድን ሥልጠና በመምራት ነው። ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ብዕር የሚበዛበት ሥራ ነው።

እኔ ይህን ትምህርት የጀመርኩት ለንደን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እየሠራሁ ነበር። ጠዋት አረጋውያኑን አጥቤ፣ አልብሼ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ እውላለሁ። ማታ ልጆቼ ሲተኙ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጌ መጽሐፌን እዘረጋለሁ። የመጀመሪያው አሳይመንቴ ስለ ዓይን ምስክር ነበር። እኔም ካደግሁበት አነጋገር ተነሥቼ፣ በዓይኑ በብረቱ ያየ ሰው፣ እርግጠኛ ሆኖ ከተናገረ፣ ቃሉ እውነት ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ መምህሬ ያን ዐረፍተ ነገር አስምራበት በኅዳጉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፋበታለች፤ በአማርኛ ስመልሰው «በምን አወቅሽ?» የሚል ነው።

ውጤቴ ዝቅተኛ ነበር። ያቺ አጭር ጥያቄ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ተለይታኝ አታውቅም። ዛሬ ትምህርቱ በአጠቃላይ ምን ያስተምራል ብትሉኝ «በምን አወቅህ? በምን አወቅሽ?» ብሎ መጠየቅን፣ ያንኑ ጥያቄ አስቀድሞ ወደ ራስ ማዞርን ያስተምራል እላችኋለሁ።

[አጭር ሙዚቃ]

ጥያቄው የቆየ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በርሊን ውስጥ ፕሮፌሰር ፎን ሊስት የሚባሉ የሕግ ሊቅ ሲያስተምሩ ሁለት ተማሪዎች ተጣሉ፤ አንደኛው ሽጉጥ መዘዘ፤ ክፍሉ ተደናገጠ። ጠቡ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ከዚያ የተማሪዎቹ ቃል ሲመዘን ከሁሉ የተሻለው ምስክር እንኳ ከተናገረው 26 በመቶው ስሕተት ሆኖ ተገኘ። የባሰው 80 በመቶ ተሳስቷል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሁጎ ሙንስተርበርግ ይህን መሰል ሙከራዎች ሰብስቦ፣ ዳኞች ስለ ምስክር አእምሮ ከሳይንስ ሊማሩ ይገባል የሚል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመ። በጊዜው የሕግ ሰዎች በብርቱ ነቀፉት። ዘመኑ ግን ለእሱ መሰከረለት።

እ.ኤ.አ. በ1974 ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ እየቀያየሩ ጠየቋቸው። ለአንዳንዶቹ «መኪኖቹ ሲጨፈላለቁ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» አሏቸው። ለሌሎቹ «ሲነካኩ ስንት ነበር?» አሏቸው። ፊልሙ ያው ፊልም ነው። «ሲጨፈላለቁ» የተባሉት በአማካይ በሰዓት 40 ማይል ተኩል ገደማ ብለው ሲገምቱ፣ «ሲነካኩ» የተባሉት ወደ 32 ማይል ገመቱ። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ተሳታፊዎቹን ጠርተው «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ብለው ጠየቁ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። «ተጨፈላለቁ» የሚለውን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች ግን 16ቱ «አዎ፣ አይተናል» አሉ። ለዘብ ባለው «ተጋጩ» በሚለው ቃል ከተጠየቁት 50ዎቹ እንዲህ ያሉት 7 ነበሩ። እነዚህ ሰዎች እየዋሹ አይደለም። ጠያቂው የተጠቀመበት ቃል ሾልኮ ገብቶ ከትዝታቸው ጋር ተቀላቅሏል።

እስቲ አሁን ወደ መገናኛ እንመለስ። አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ ቶሎ ብላችሁ በልባችሁ መልሱ። ስልኩን የነጠቀው ልጅ ያደረገው ኮፍያ ቀለሙ ምን ነበር?

[ለአፍታ ጸጥታ]

ጥቁር ያላችሁ ትኖራላችሁ። ሰማያዊ ያላችሁም ትኖራላችሁ። አድማጮቻችን፣ እኔ ስለ ኮፍያ አልተናገርኩም። ጥያቄዬ ራሱ ኮፍያ አለበሰው። በልባችሁ የሳላችሁት ወጣት እስካሁን ኮፍያ ካልነበረው፣ ከዚህ በኋላ ለማውለቅ ሳያስቸግራችሁ አይቀርም።

ይህ ጉዳይ ክፍል ውስጥ ሲሆን ጨዋታ ይመስላል። ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን የሰው ዕድሜ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ተደፈረች። ጥቃቱ ሲፈጸምባት፣ ከተረፍኩ ላስይዘው ብላ የአጥቂዋን መልክ አተኩራ ታየው ነበር። ከፎቶግራፍ መሐል አንዱን መረጠች፤ ሮናልድ ኮተን የሚባል ወጣት ነበር። ከዚያ በአካል በሰልፍ ከቆሙት ሰዎች መሐልም እሱኑ መረጠች። ፖሊሶቹ ትክክለኛውን ሰው መምረጧን ሲነግሯት እርግጠኝነቷ ጠነከረ። በኋላ በችሎት እውነተኛው አጥፊ ፊቷ ሲቀርብ ይህን ሰው አላውቀውም አለች። ኮተን ከ10 ዓመት በላይ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1995 በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ንጹሕነቱ ተረጋግጦ ተፈታ። እሷ አልዋሸችም፤ ከልቧ ተሳሳተች። ዛሬ በብዙ አገር ሰልፉን የሚመራው ፖሊስ ከተሰለፉት የትኛው ተጠርጣሪ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይሁን የሚባለው፣ በፊቱ ገጽታ ወይም በአንዲት ቃል እንኳ ምስክሩን እንዳይመራ ነው። ሰሜን ካሮላይናም ይህን እ.ኤ.አ. በ2007 በሕግ ደንግጋለች።

ያልሠሩትን ማመንም አለ። ጊስሊ ጉድዮንሰን የተባለው ሳይኮሎጂስት በወጣትነቱ በትውልድ አገሩ በአይስላንድ የፖሊስ መርማሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የሴት ቦርሳ ሰርቀሃል የተባለን ሰው መረመረ፤ ሰውየውም አመነ። ኋላ ቦርሳው ጨርሶ እንዳልተሰረቀ ታወቀ። ጉድዮንሰን ይህን ነገር አልተወውም። ለንደን ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ መለኪያ አወጣ። ለሰውየው አጭር ታሪክ ይነበብለታል፤ ከዚያ 20 ጥያቄ ይጠየቃል፤ ከነዚህ ውስጥ 15ቱ አሳሳች ናቸው። ቀጥሎ «ተሳስተሃል፤ እንደገና ሞክር» ይባላል። በጥያቄ ስንቴ እንደተመራ፣ በግፊት ስንት መልሱን እንደቀየረ ይቆጠራል። ቅድም እኔ የሞከርኩባችሁ የኮፍያ ጥያቄ የዚህ ትንሽ ዘመድ ነው። የጉድዮንሰን ሥራ በእንግሊዝ በበርሚንግሃም የመጠጥ ቤት ፍንዳታ ተከሰው 16 ዓመት የታሰሩትና እ.ኤ.አ. በ1991 ነጻ የወጡት ስድስት ሰዎች ጉዳይ እንደገና ሲመረመር ከተደረጉት የባለሙያ ምርመራዎች አንዱ ነበር። እንዲህ ባሉ ስሕተቶች ሳቢያ የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የምርመራ ዘዴውን ለወጠ። ዓላማው እመን ብሎ ማስጨነቁ ቀርቶ፣ ተዘጋጅቶ፣ አስረድቶ፣ አዳምጦ ቃል መቀበል ሆነ።

[አጭር ሙዚቃ]

አድማጮቻችን፣ ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን ቆየት ባለው ዘመን ንብረት ተሰርቆ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ሌባሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይመራል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። አውጫጭኝም ነበር፤ የአገሬው ሰው ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ይጠየቃል። በሌላ በኩል ያው አገር «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል። በላ ልበልሃ ብሎ በአደባባይ እየተጠያየቀ የሚሟገት ሕዝብ ነው። በምን አወቅህ ማለት ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም፤ የራሳችንን መልካም ልማድ በሳይንስ ማጽናት ነው።

ሕጋችንም በሩን ከፍቷል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 እና 49 በአእምሮ ሁኔታው ምክንያት ኃላፊነት ስለማይወስድ ወይም በከፊል ስለሚወስድ ሰው ይደነግጋል። በአንቀጽ 51 ደግሞ ፍርድ ቤቱ በዚህ ረገድ ሲጠራጠር የባለሙያ አስተያየት እንዲጠይቅ ያዝዛል። አንቀጹ አንድ ጥልቅ ነገር ይዟል፦ ፍርድ ቤቱ የሚገደደው በተረጋገጠው የሳይንስ ግኝት ብቻ ነው፤ ከግኝቱ የሚከተለውን የሕግ ድምዳሜ የሚሰጠው ዳኛው ነው። ባለሙያ ወሰኑን ማወቅ አለበት ማለት ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ፍርድ ቤቶች ተከሳሾችን ለእንዲህ ዓይነቱ ምርመራ የሚልኩበት ተቋም ነው። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ምቹ በሆነው ችሎት ደግሞ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያይ፣ በተለየ ክፍል ከባለሙያ ጋር ተቀምጦ ይናገራል፤ ዳኛው በካሜራ ይከታተላል። ያ ክፍል ውስጥ የምትቀመጠው ባለሙያ «ሰውየው መታህ አይደል?» ብትል ኮፍያ እንዳለበሰች ቁጠሩት። «ከዚያ ምን ሆነ?» ብትል ግን የልጁን የራሱን ቃል ታገኛለች። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ ዕጣ ነው።

በውጭ ላለነውም ጉዳዩ ይነካናል። ታላቅ ሰው ፊት ዓይን ሰበር ማድረግ በእኛ ዘንድ አክብሮት ነው። ይህን የማያውቅ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ፖሊስ ዓይኑን ያሸሸው ስለሚዋሽ ነው ሊል ይችላል። ውሸትን ከፊት ማንበብ እችላለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ፦ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ ከ24,000 በላይ ሰዎች የሰጡትን ግምት ያጠቃለለ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች እውነትንና ውሸትን በትክክል የሚለዩት በአማካይ ከ100 ጊዜ 54 ጊዜ ነው። ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም። የእኛን ባህልና ቋንቋ የሚያውቅ የሠለጠነ ሰው በጣቢያውና በችሎቱ ቢኖር ስንት ሰው ከመጠርጠር ይድን ነበር!

[አጭር ሙዚቃ]

እሺ፣ ትምህርቱን ፈለግሁት፣ ነገር ግን ሥራ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ የምትሉ አላችሁ። ወደ ቁጥሩ እንግባ።

ለሠራተኛ ሰው ዩኒቨርሲቲ መክፈት የቆየ ሐሳብ ነው። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል ትምህርቱን ያሰራጭ የነበረው በፖስታ፣ በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥንና እንደ እኛው በሬዲዮ ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት በፎረንሲክ ሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። ለአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ የቀደመ ውጤት አይጠይቅም።

በእንግሊዝ ሥርዓት የመጀመሪያ ዲግሪ 360 ክሬዲት ነው፤ አንድ ክሬዲት ደግሞ 10 የጥናት ሰዓት ተብሎ ይታሰባል። በሙሉ ጊዜ ሲማሩት 3 ዓመት ነው። በዓመት 60 ክሬዲት እየያዙ ከሥራ ጎን ሲማሩት 6 ዓመት ይወስዳል። 60 ክሬዲት 600 ሰዓት ነው፤ በትምህርት ዘመኑ ሲከፋፈል በሳምንት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይደርሳል። ማስተርሱ 180 ክሬዲት፣ ማለትም 1,800 ሰዓት ነው፤ በሙሉ ጊዜ 1 ዓመት፣ ከሥራ ጎን ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት ይፈጃል።

የመጀመሪያው ነገር ጊዜ ነው። መሐሉን ብንይዝ፣ በሳምንት 17 ሰዓት ከየት ይመጣል? እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየምሽቱ 2 ሰዓት፤ 10 ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ሲወጡ 4 ሰዓት፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ 3 ሰዓት። ድምሩ 17 ነው። ይህን በወረቀት ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። ለባለቤቴና ለልጆቼ አሳየኋቸው፤ ዘመድ ጓደኛም እንዲያውቅ አደረግሁ። ለቅሶ አይቀርም፤ ሠርግም አይቀርም። ለቀረው ግን «ይህች ሰዓት የትምህርቴ ናት» ማለትን ለመድኩ። ቤተሰብ ሳያውቀው የሚጀመር ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ስታቲስቲክስ ነው። ሳይኮሎጂ ተረትና ምክር ብቻ የሚመስለው ሰው እዚህ ይደነግጣል። የምርምር ዘዴና የቁጥር ትንተና የዲግሪው አጥንት ነው፤ ከሱ ማምለጫ የለም፤ ማምለጥም አይገባም። 16 ሰው ከ50፣ 7 ሰው ከ50 ብዬ ቅድም ስነግራችሁ፣ ልዩነቱ ያጋጣሚ አለመሆኑን የምናውቀው በዚያ ትምህርት ነው። በምን አወቅሽ ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ተለማመዱት፤ ለፈተና ሰሞን አታቆዩት።

ሦስተኛው የልብ ሸክም ነው። የምናነበው ስለ ተደፈሩ ሴቶች፣ ስለ ተበደሉ ሕፃናት፣ ስለ ገዳዮች ነው። አንድ ሌሊት በሕፃን ላይ ስለተፈጸመ ጥቃት አንብቤ ጨርሼ ተነሥቼ የልጄን ክፍል በር ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁ፤ እስኪነጋ አልተኛሁም። ከዚያ ወዲህ ከባድ ንባብ የቅዳሜ ጠዋት ሥራ ሆነ፤ ከመኝታ በፊት ዘዴና ቁጥር ብቻ አነባለሁ። በራሳችሁ ላይ በደል የደረሰባችሁ ከሆነ ለመምህራችሁ ወይም ለተማሪ አማካሪ አስቀድማችሁ መንገር ብርታት ነው።

አራተኛው የሙያ መጠሪያን የሚመለከት ነው። በእንግሊዝ «ፎረንሲክ ሳይኮሎጂስት» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው። ዲግሪ ስለያዘ ብቻ ማንም ራሱን እንዲህ ብሎ መጥራት አይችልም። ዕውቅና ያለው የሳይኮሎጂ ዲግሪ፣ ቀጥሎ ዕውቅና ያለው ማስተርስ፣ ቀጥሎ ቢያንስ 2 ዓመት ልምድ ባለው ባለሙያ ክትትል ሥር መሥራት፣ በመጨረሻም በሙያ ተቆጣጣሪው መዝገብ መመዝገብ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በአብዛኛው ክፍለ ግዛት ሳይኮሎጂስት ለመባል የዶክትሬት ዲግሪና የሥራ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ማስተርሱ ግን በማረሚያ ቤት፣ በተጎጂዎች ድጋፍና በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ በር ይከፍታል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲውን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ይህ ዲግሪ በየትኛው የሙያ ማኅበር ዕውቅና አለው? ዲግሪው ካለቀ በኋላ ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው? መልሱ በግልጽ ካልመጣ፣ ክፍያው ይቆይ። በአገር ቤት ያላችሁ በማታና በሳምንት መጨረሻ መርሐ ግብር በሥነ ልቦና፣ በሕግ ወይም በማኅበራዊ ሥራ የጀመራችሁት ዲግሪ ጥሩ መሠረት ነው። የዓይን ምስክርነትን፣ የሕፃናት ምርመራን ወይም የታራሚዎችን ተሐድሶ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ መምረጥ ትችላላችሁ።

አንድ ቃል ደግሞ ስለ ዝግታው። 6 ዓመት ብዙ ነው ብዬ አልቅሼ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ዝግታው ራሱ እንዳስተማረኝ አምናለሁ። ማታ ያነበብኩትን ጠዋት ሥራ ቦታ አየዋለሁ። አንዲት አረጋዊት «ትናንት ሰው ክፍሌ ገብቶ ገንዘቤን ወሰደ» ብትለኝ፣ ቀድሞ ወይ እሷን መጠርጠር፣ ወይ የሥራ ባልደረባዬን መጠርጠር ነበር የሚቀናኝ። አሁን አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ፤ ትንሽ የሚመስለውንም አይተዉ» እላለሁ። ሮናልድ ፊሸርና ኤድዋርድ ጋይዘልማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጁት የምስክር መጠየቂያ ዘዴ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ምስክሩን በልቡ ወደ ቦታው ይመልሱታል፤ ሳያቋርጡ ያወራል፤ ጠያቂው ዝም ብሎ ያዳምጣል። የተማርኩት በዓመት ቢጨመቅ ኖሮ ለፈተና እሸመድደው ነበር። በ6 ዓመት ግን ጠባይ ሆነ።

[ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ከንግግሩ ሥር ይቆያል]

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ከመለያየታችን በፊት መገናኛ የቆመ አንድ ወጣት አለብን። ዳቦ በፌስታል የያዘው። ሰዎች ክንዱን ጨብጠውታል። በልባችሁ ፈርዳችሁበት ይሆናል። እስቲ የነገርኳችሁን መልሳችሁ አስቡት። ሁለቱ ወጣቶች አጥሩ ሥር ቆመው ነበር አልኩ፤ ይተዋወቃሉ አላልኩም። አንዱ ሮጠ አልኩ፤ ስልክ ይዞ ሮጠ አላልኩም። ነጣቂውን ለመያዝ ሮጦ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ተሰረቀ እንኳ አላልኩም፤ ሴትዮዋ «ስልኬን!» አለች፤ ሰልፉ ሲተራመስ ወድቆባት ሊሆን ይችላል። የቀረውን ሁሉ የጨመርነው እኛ ነን፤ «ስልኩን የነጠቀው ልጅ» ብዬ ስጠይቃችሁም እኔ አግዣችኋለሁ።

ነገ በሰፈራችሁ፣ በሥራ ቦታችሁ፣ በሰልፍ መሐል «ያዘው!» የሚል ድምፅ ስትሰሙ፣ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ጥያቄውም ከራሳችሁ ይጀምር፦ በምን አወቅሁ? ይህን ጥያቄ የሕይወት ሥራችሁ ልታደርጉት የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ፣ ጊዜ የለኝም አትበሉ። በሳምንት 17 ሰዓት፣ አንድ የወጥ ቤት ጠረጴዛና የቤተሰብ ፈቃድ ካላችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ያ ዳቦ የያዘ ወጣት በጣቢያ ሲጠየቅ፣ በትክክል የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።



[የመዝጊያ ሙዚቃ]